ምጣድ ያጠቆረው ሶኬት በምን ይተካ?

በባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ያቀረቡልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቤታቸው ከተሠራ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ዋናው ቤት የብሎኬት ነው፤ ማድ ቤቱ ግን በጓሮ በኩል በጭቃ የተሠራ ነው። የማድ ቤቱ ሶኬት እንጀራ በተጋገረ ቁጥር እየጋለ ቆይቶ አሁን ፊቱ ጠቁሯል፤ አንዱ ቀዳዳም ቀልጧል። የሳሎኑ ሶኬቶች ደግሞ መሰኪያ መያዝ አቅቷቸው የስልክ ቻርጀር እንኳ በራሱ ክብደት ይወድቃል። ዕቃ ሊገዙ ሲሄዱ ሻጩ ለቤቱ በሙሉ «ሁሉን የሚቀበል» ዩኒቨርሳል ሶኬት እንዲወስዱ መክሯቸዋል። እሳቸው የሚጠይቁት ምክሩ ትክክል መሆን አለመሆኑን፣ ሁሉም ሶኬት መለወጥ እንዳለበትና የትኛው ዓይነት እንደሚሻል ነው።

ከማድ ቤቱ ልጀምር፤ አደጋው ያለው እዚያ ነውና። የማድ ቤቱን ሶኬት በሌላ የቤት ሶኬት፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ እንዳይተኩት እመክራለሁ። በአገራችን የሚሠሩት የኤሌክትሪክ ምጣዶች አብዛኞቹ ከ3000 እስከ 4000 ዋት ይወስዳሉ። 3500 ዋት የሚወስደውን ምጣድ ብንይዝ፣ ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይሆናል፤ በጥሩ የቤት ሶኬት ፊት ላይ የሚጻፈው የመጨረሻ አቅምም ይኸው 16 አምፔር ነው። እንግዲህ ሶኬቱ ገና አዲስ እያለ እንኳ በአቅሙ ጫፍ ላይ ይሠራል ማለት ነው፤ ያውም እንደ ካውያ ለጥቂት ደቂቃ ሳይሆን፣ ሊጡ እስኪያልቅ ድረስ ለአንድና ለሁለት ሰዓት። ምጣዱ 4000 ዋት ከሆነማ ከአቅሙ ያልፋል።

የሚያቃጥለው ግን የኃይሉ ብዛት ብቻ አይደለም። በሶኬቱ ውስጥ መሰኪያውን ቆንጥጦ የሚይዘው የብረት ከንፈር ትንሽ ሲላላ፣ ወይም ሽቦውን የሚያስረው ብሎን በደንብ ሳይጠብቅ ሲቀር፣ በመገናኛው ላይ የኤሌክትሪኩን ማለፍ የሚያስቸግር ትንሽ ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) ይፈጠራል። ይህ ተቃውሞ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ነው እንበል፤ ለስልክ ቻርጀር ምንም አይደለም። 16 አምፔር ሲያልፍበት ግን በዚያች የጥፍር ስፋት በማታህል ቦታ ላይ 25 ዋት ሙቀት ይወጣል፤ ይህም ሬዲዮ ጠጋኝ ሽቦ ለመበየድ የሚጠቀምበትን ትንሽ መበየጃ ያህል ነው። ሙቀቱ የብረቱን ሞላነት ይገድለዋል፣ ፊቱን ያጠቁረዋል፤ የጠቆረው ብረት ተቃውሞው ይጨምራል፣ የጨመረው ተቃውሞም ተመልሶ ያሞቀዋል። ሰዎች ሁልጊዜ «ታዲያ ብሬከሩ ለምን አልወረደም?» ብለው ይጠይቁኛል። ብሬከር የሚቆጥረው በሽቦው የሚያልፈውን አምፔር እንጂ ሶኬቱ ላይ ያለውን ሙቀት አይደለም። ምጣዱ የሚስበው ያው 16 አምፔር እስከሆነ ድረስ ሶኬቱ ቢቀልጥም ለብሬከሩ ሁሉም ነገር ደህና ነው።

ስለዚህ ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ ተነሥቶ ከሌላ ሶኬትና አምፖል ጋር የማይጋራ የራሱ መስመር ይሳብለት። ሽቦው መዳብ፣ ውፍረቱ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ብሬከሩም 25 አምፔር ይሁን፤ ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ብዙ ከራቀ 6 ካሬ ማድረጉ ዋጋውን አያስቆጭም። ከዋናው ቆጣሪ የሚመጣው መስመር ይህን ጭነት ከሌላው ዕቃ ጋር የሚችል መሆኑንም ባለሙያው አስቀድሞ ማየት አለበት። መስመሩ ማድ ቤት ሲደርስ በሶኬት ሳይሆን ፌዙንም (ኤሌክትሪክ የሚመጣበትን ሽቦ) ኒውትራሉንም (የሚመለስበትን) አብሮ በሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ያልቅና፣ የምጣዱ ገመድ ከዚያ በቀጥታ ይታሰራል። ምጣዱን እያነሡ ሌላ ቦታ መውሰድ የግድ ከሆነ፣ በብየዳ ቤቶች የሚታየው፣ ክዳን ያለው ክቡ ሰማያዊ ባለ ሦስት እግር የ32 አምፔር ሶኬት ከነመሰኪያው ይገዛል። መልኩ ለማድ ቤት የማያምር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የቀለጠ ሶኬት ከዚያ የባሰ አያምርም እላለሁ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው፣ የጠቆረውን መሰኪያ አብረው ይጣሉት። ብዙ ሰው አዲስ ሶኬት ገዝቶ በአሮጌው ጥቁር መሰኪያ ይሰካበታል፤ የተቃጠለው የመሰኪያው እግር ሻካራ ስለሆነ አዲሱን ሶኬት በወር ውስጥ እንደ አሮጌው ያደርገዋል፤ ከዚያም ጥፋቱ በሶኬቱ ይሳበባል። ሁለተኛው፣ የጭቃ ግድግዳ ማለት ባሕር ዛፍና ጭድ ማለት ነውና፣ ማናቸውም ሶኬትም ሆነ ማብሪያ ማጥፊያ በቀጥታ በግድግዳው ላይ አይመታ። ከጀርባው የተዘጋ የራሱ ሳጥን ያለው፣ ከግድግዳ ውጭ የሚገጠም ዓይነት ይገዛ፤ ሽቦውም እስከ ሳጥኑ ድረስ በፕላስቲክ ቱቦ ይግባ።

አሁን ወደ ሳሎኑና ወደ ሻጩ ምክር ልመለስ። ዩኒቨርሳል ሶኬት የሚመቸው ለሻጩ ነው፤ አንድ ዓይነት ዕቃ አስቀምጦ ለሁሉ ይሸጣል። ለገዢው ግን ሁለት ጉድለት አለው። ቀዳዳው ክቡንም፣ ጠፍጣፋውንም፣ ቀጭኑንም፣ ወፍራሙንም እግር እንዲቀበል ተብሎ ስለሚሰፋ አንዱንም ጥብቅ አድርጎ አይዝም፤ መላላት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ከላይ አይተናል። ሁለተኛው ጉድለት የማይታይ በመሆኑ የበለጠ ያሳስበኛል። እኛ ጋ በብዛት የሚገኙት የፍሪጅ፣ የልብስ ማጠቢያና የካውያ መሰኪያዎች ክብ ሆነው ሁለት ወፍራም እግር ያላቸው፣ በጎንና በጎናቸው ደግሞ የብረት ልሳን የሚታይባቸው ናቸው። ያ የጎን ልሳን ባለሙያዎች ኧርዝ ወይም ግራውንድ የምንለው የመከላከያ መስመር መገናኛ ነው። ዩኒቨርሳሉ ሶኬት የግራውንድ ቀዳዳ ከላይ አለው እንጂ በጎኑ ምንም የለውም። መሰኪያው ሲገባ ሁለቱ እግሮች ተገናኝተው ፍሪጁ ይሠራል፤ የግራውንዱ ልሳን ግን አየር ላይ ይቀራል። የቤቱ ባለቤት «ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ነው፣ ግራውንድ አለው» ብሎ ተማምኖ ይተኛል።

ስለዚህ ለሳሎን፣ ለመኝታ ቤትና ለፍሪጅ የምመክረው ሹኮ የሚባለውን ዓይነት ነው። ስሙ በጀርመንኛ «የመከላከያ ንክኪ» የሚለው ቃል ሲያጥር የመጣ ሲሆን፣ ፊቱ እንደ ስኒ ወደ ውስጥ የጎደጎደ፣ በጎድጓዳው ሁለት ጎን የግራውንድ ልሳን ብቅ ያለበት ነው። ጎድጓዳ መሆኑ ለውበት አይደለም፤ መሰኪያው ግማሽ ሲገባ ኤሌክትሪክ ያለበት እግር በጣት እንዳይነካ ነው። ቀጭኑ ባለ ሁለት እግር የቻርጀርና የቴሌቪዥን መሰኪያም በዚሁ ሶኬት በልኩ ይሰካል። ከዱባይ የመጡ፣ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያላቸው ዕቃዎች በቤትዎ ካሉ፣ ለእነሱ ሲባል የቤቱን ሶኬት ሁሉ ከመቀየር የዕቃውን መሰኪያ ቆርጦ ባለ ግራውንድ የሹኮ መሰኪያ መግጠም ይቀላል፤ ይረክሳልም። በጠፍጣፋው ሶኬት ላይ የላይኛውን ቀዳዳ በእስክሪብቶ ጫፍ ተጭኖ የታችኞቹን መዝጊያ በመክፈት ቻርጀር መሰካት በየቤቱ የተለመደ ነው፤ የታችኞቹ ቀዳዳዎች የተዘጉት ልጆች ምስማር እንዳይከቱባቸው ስለሆነ፣ በእስክሪብቶ የሚከፈት ሶኬት ልጅ ባለበት ቤት ባይኖር ይመረጣል።

ገበያ ላይ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ከስሙ ይልቅ በእጅ ይሻላል፤ በሳጥን ላይ የሚጻፍ ስም በቀላሉ ይኮረጃልና። እኔ ወደ ሱቅ ስሄድ በኪሴ ትንሽ ማግኔት እይዛለሁ። ሶኬቱን ከጀርባው ገልብጬ መሰኪያውን የሚይዙትን ከንፈሮች በማግኔቱ እነካለሁ። ማግኔቱ ከሳባቸው ብረት ናቸው፣ ቢጫ ቀለማቸው ቅብ ነው ማለት ነው፤ ብረት ደግሞ ይዝጋል፣ ሞላነቱንም ቶሎ ያጣል። የናስ ከንፈር ማግኔት አይስበውም። ብሎኖቹና የፍሬሙ ብረት በማግኔት ቢሳቡ ግን ችግር የለም፤ ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸው ክፍሎች ብቻ ናቸው የሚያሳስቡት። ከዚያ በእጄ እመዝነዋለሁ፤ ጥሩው ከበድ ይላል። በመጨረሻም ከቤት ይዤው የሄድኩትን መሰኪያ እሰካበታለሁ። ሲገባ ትንሽ ሊታገል ይገባል፤ ከገባ በኋላ ሶኬቱን ዘቅዝቄ ስይዘው ከነገመዱ መውደቅ የለበትም። ፊቱ ወይም ጀርባው ላይ 16 አምፔርና 250 ቮልት የሚል ጽሑፍ፣ የፌዙን፣ የኒውትራሉንና የግራውንዱን ቦታ የሚያመለክት ምልክት በፕላስቲኩ ላይ ተቀርጾ መገኘት አለበት፤ በወረቀት ብቻ የተለጠፈ ከሆነ እጠራጠራለሁ። 10 አምፔር የሚለውን ለመኝታ ቤት መብራት ቢወስዱት ይሆናል፤ ነገር ግን በቤት ውስጥ ካውያ የማይዞርበት ክፍል ስለሌለ ሁሉንም 16 ማድረግ ይሻላል።

ከመግዛትዎ በፊት ግን አንዱን አሮጌ ሶኬት አስፈትተው በግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን ሳጥን ይመልከቱ። ክብ ከሆነና በሁለቱ ብሎኖች መካከል ያለው ርቀት 60 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ የሹኮው ሶኬት ያለ ችግር ይገባል። በአሮጌ ቤቶች ግን ረዘም ያለው የጣልያን ሳጥን ይገኛል፤ በእሱ የብሎኖቹ ርቀት 83 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው፤ ክቡ ሶኬት አይይዝለትም። ያን ጊዜ ለዚያው ሳጥን የተሠራ ፍሬም ያለው የሹኮ ዓይነት መፈለግ፣ ካልተገኘም ግድግዳውን ፈልፍሎ ሳጥኑን መለወጥ ነው። በናስትሮ ጠምጥሞ፣ በጂፕሰም ለጥፎ «ይይዛል» የሚል ሠራተኛ ከመጣ ያሰናብቱት፤ መሰኪያ በተነቀለ ቁጥር ሶኬቱ አብሮ እየወጣ ሽቦውን ያላላዋል።

ሁሉም ሶኬት መለወጥ አለበት ወይ ላሉት፣ አይደለም። መሰኪያ አጥብቆ የሚይዝ፣ ያልጠቆረ፣ ያልተሰነጠቀ ሶኬት ሃያ ዓመት ቢሞላውም ይቆይ፤ ግን ተፈትቶ ብሎኖቹ ይጠበቁ። የላሉት ይለወጡ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለው አንድ ሶኬት ብቻ ሆኖ በላዩ ላይ ዲቫይደር፣ በዲቫይደሩ ላይ ሌላ ዲቫይደር ከተሰካ ደግሞ የሚያስፈልገው የተሻለ ሶኬት ሳይሆን ተጨማሪ ሶኬት ነው። ለሶኬት መስመር 2.5 ካሬ ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ይበቃል። ብሬከር እየወረደ ስላስቸገረ በ32 ተክቼዋለሁ የሚል ሠራተኛ ችግሩን አልፈታም፤ ከዚያ በኋላ አስቀድሞ የሚቃጠለው ሽቦው ወይም ሶኬቱ ነው።

ስለ ግራውንድ ሳልናገር ብቀር ከላይ ያልኩት ግማሹ ከንቱ ይሆናል፤ የሹኮ ሶኬት የጎን ልሳን የሚጠቅመው ከጀርባው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ከመጣለት ብቻ ነውና። ሃያ ዓመት በሞላቸው ብዙ ቤቶች ያ ሽቦ ጭራሽ አልተሳበም። ሠራተኛው ይህን ሲያይ የሚፈተንበት አቋራጭ አለ፤ ይኸውም የሶኬቱን ግራውንድ በአጭር ሽቦ ከኒውትራሉ ጋር ማሰር ነው። በቮልት መለኪያ ሲለካ ሁሉ ነገር ትክክል ይመስላል። ከዓመታት በፊት በሐይቁ ዳር ወዳለ አንድ ቤት «ፍሪጁ ይነዝራል» ተብዬ ተጠርቼ ሄድኩ። ሶኬቱን ስፈታው ያቺ አጭር ሽቦ ነበረች። ወደ ቤቱ የሚገባው ኒውትራል ከውጭ በኩል ላልቶ ሲለያይ፣ በመብራቱና በቴሌቪዥኑ ያለፈው ኤሌክትሪክ መመለሻ አጥቶ በአጭሯ ሽቦ በኩል የፍሪጁን በር 220 ቮልት አድርጎት ነበር። ግራውንድ የሌለው ፍሪጅ ይህን አያደርግም፤ በሐሰተኛ ግራውንድ የታሰረው ግን ያደርጋል። ለማናቸውም ሠራተኛ ይህችን ሽቦ በሶኬት ውስጥ እንዳያስር አስቀድመው ይንገሩት። በውሃ ቧንቧ ላይ ማሰርም እንዲሁ አይሆንም፤ አሁን መስመሩ በፕላስቲክ እየተተካ ነው፣ ብረት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ገላዋን የምትታጠብ ልጅ አለችበት።

እውነተኛው ግራውንድ መሬት ውስጥ የሚቀበር መዳብ የለበሰ ዘንግና ከእሱ ወደ ብሬከር ሳጥኑ የሚመጣ ሽቦ ነው። በከተማችን የሚገኘው ጥቁር ዋልካ በክረምት ውሃ ይዞ ጥሩ ያስተላልፋል፤ በበጋ ግን ደርቆ ይሰነጠቅና ከዘንጉ ይሸሻል። ስለዚህ ዘንጉ ጠልቆ ይቀበር፤ ልኬቱም በነሐሴ ሳይሆን በሚያዝያ ይወሰድ። ዘንግ ብቻውንም አይበቃም። የዘንጉ ተቃውሞ 20 ኦም ቢሆን፣ የፍሪጁ አካል ኤሌክትሪክ ቢነካው ወደ መሬት የሚፈሰው 220 ለ20 ተካፍሎ 11 አምፔር ነው፤ 16 አምፔር ብሬከር በ11 አምፔር አይወርድም፣ ፍሪጁም እንደነዘረ ይቆያል። ክፍተቱን የሚሞላው አር ሲ ዲ የሚባለው መቁረጫ ነው፤ በፌዝ የሄደው በኒውትራል ሳይመለስ ሲቀር፣ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ከመድረሱ በፊት ወይም ሲደርስ በቅጽበት ይቆርጣል። ግራውንድ ባልተሳበበት ቤት እንኳ ሰው ሲነካ ስለሚቆርጥ፣ ገንዘቡ ለሁሉ የማይበቃ ከሆነ ግማሹን ሶኬት ለሚቀጥለው ዓመት አቆይተው መጀመሪያ እሱን ይግዙ እላለሁ። ለምጣድማ ያለ እሱ አይሆንም፤ ሸክላው ሲሰነጠቅ እርጥበቱና ሊጡ ወደ ጥቅልሉ ሽቦ ይወርዳልና። በፊቱ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ በወር አንድ ጊዜ ይጫኗት፤ ካልወረደ ሞቷል።

መታጠቢያ ቤት አጠገብ፣ በረንዳ ላይና ውሃ በሚረጭበት የማድ ቤት ጥግ ክዳን ያለው፣ አይ ፒ 44 የሚል የተጻፈበት ሶኬት ይግጠሙ። ሁለተኛው 4 ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ እንደማይጎዳው ያመለክታል። ለሐይቁ ቅርብ በሆኑ ሰፈሮች በክረምት ግድግዳ ስለሚረጥብ፣ የበረንዳው ሶኬት ሽቦ ከላይ ሳይሆን ከታች ወደ ሳጥኑ ቢገባ በሽቦው ተከትሎ የሚወርደው ውሃ ሳጥኑ ውስጥ አይጠራቀምም።

ሥራው ሲሠራ አንድ የማልታገሰው ልማድ አለ። መብራት ጠፍቶ ሳለ «አጋጣሚ ነው» ብሎ ሶኬት መፍታት። የጠፋው መብራት መቼ እንደሚመለስ ሠራተኛው አያውቅም። መብራት ኖረም አልኖረም ዋናው ብሬከር ይውረድ፤ ልጆች መልሰው እንዳያነሡት አንድ ሰው ይጠብቀው፤ ከዚያ በኋላም ሠራተኛው ቴስተሩን መጀመሪያ በሚሠራ ሶኬት ሞክሮ እንደሚበራ ካረጋገጠ በኋላ የሚፈታውን ይፈትሽ። የሽቦ ቀለም አይታመን፤ በአሮጌ ቤት ጥቁሩ ፌዝ፣ ቀዩ ኒውትራል ሆኖ ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ። ሲገጥም የጠቆረውን የሽቦ ጫፍ ቆርጦ ንጹሑን መዳብ ያውጣ፤ ብሎኑ የሽቦውን ላስቲክ ሳይሆን መዳቡን ይንከስ፤ ካጠበቀ በኋላም እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ አድርጎ ይሞክረው።

አዲሱ ከተገጠመ በኋላ በመጀመሪያው የእንጀራ ቀን፣ ምጣዱ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ፣ የመዳፍዎን ጀርባ በማብሪያ ማጥፊያው ፊት ላይ ያሳርፉ። ለብ ማለት ያለ ነው። እጅዎን ካስነሣዎ ግን ምጣዱን ያጥፉና ሠራተኛውን መልሰው ይጥሩት፤ በውስጡ ያልጠበቀ ብሎን አለ።